የበረዶ ኦገር ልግዛ ወይስ ትራፓኖዬ ይበቃኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስላደግኩ ዓሣ ማጥመድ አዲሴ አይደለም፤ በረዶ ላይ ግን ገና ሁለተኛ ዊንተሬ ነው። ከ13 ዓመት ልጄ ጋር አብዛኛውን ጊዜ ኖኮሚስና ፌለን ሐይቅ እንሄዳለን። በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሚል ላክስ እወጣለሁ። አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ጋራዥ የለኝም። አንድ ባልደረባዬ ባለ 10 ኢንች የቤንዚን ኦገር (በረዶ መሰርሰሪያ ማሽን) በ150 ዶላር ሊሰጠኝ ነው። ለሥራ የምይዘው ባለ 18 ቮልት ትራፓኖም አለኝ። የቱ ይሻለኛል ይላሉ? ልጄም እኔ ካልሰረሰርኩ እያለ ነው።»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። የቤንዚኑን ኦገር ተወው። ትራፓኖህ ጉልበት ካለው ባለ 6 ኢንች የትራፓኖ ኦገር ግዛለት። ጉልበት ከሌለው ደግሞ ገንዘብህን ጠብቀህ ባለ 8 ኢንች የባትሪ ኦገር ከነሞተሩ ግዛ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፤ ምክንያቱን ካወቅክ ሱቅ ውስጥ ማንም አያደናግርህም።

እኔ ትናንሽ ሞተሮችን እጠግናለሁ። በረዶው ከያዘ ጀምሮ ወርክሾፔ በኦገር ይሞላል። ከሚመጡልኝ ማሽኖች አብዛኞቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ችግራቸው ለገዛቸው ሰው ኑሮ የማይሆኑ መሆናቸው ነው። ሰው ኦገር ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ? ስንት ቮልት? እኔ ግን ሌላ ነገር አስቀድማለሁ። ምን ዓይነት ዓሣ ነው የምትይዘው? ዕቃህን በእግርህ እየጎተትክ ነው የምትሄደው ወይስ በመኪና? ማታ ማሽኑ የት ያድራል? እነዚህ ሦስቱ ሲመለሱ ሞተሩን መምረጥ ቀላል ነው።

ከቀዳዳው ስፋት እንጀምር። ገበያው ላይ በብዛት ያሉት 6፣ 8 እና 10 ኢንች ናቸው። በሴንቲ ሜትር 15፣ 20 እና 25 ገደማ መሆኑ ነው። ሲሰሙት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ስፋቱ በጨመረ ቁጥር የሚፈጨው በረዶ ግን ከምትገምተው በላይ ይጨምራል። በረዶው 15 ኢንች ወፍሯል እንበል። ባለ 6 ኢንች ቀዳዳ ስታወጣ 7 ሊትር የሚጠጋ በረዶ ትፈጫለህ። ባለ 8 ኢንቹ ከ12 ሊትር ይበልጣል። ባለ 10 ኢንቹ ከ19 ሊትር ያልፋል፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ በለው። ያን ሁሉ የሚፈጨው ወይ ቤንዚን ነው፣ ወይ ባትሪ ነው፣ ወይ የአንተ ክንድ ነው።

ኖኮሚስና ፌለን ላይ በአብዛኛው የምታወጣው ክራፒና ብሉጊል የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች ነው። ለእነሱ 6 ኢንች ይተርፋል። ዎልአይ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ዎልአይ ከ1965 ጀምሮ የሚኒሶታ ግዛት ዓሣ ተብሎ የተሰየመ ነው፤ ሚል ላክስም ስሙ የሚነሳው በእሱ ነው። መካከለኛ ዎልአይ በ6 ኢንች ቀዳዳ ያልፋል። ትልቁ ግን ከበረዶው ሥር ሲደርስ መታገል ይጀምራል። አናቱን ወደ ቀዳዳው ማቅናት ያስቸግርሃል። ክሩ የበረዶው ጠርዝ ላይ ይታሽና ይበጠሳል። የዎልአይ ሰዎች 8 ኢንች ካልሆነ የሚሉት ለዚህ ነው። 10 ኢንች ደግሞ የትልልቅ ኖርዘርን ፓይክና የሌክ ትራውት መጠን ነው። በረዶ ላይ ቤት ተክለው የሚያድሩ ሰዎችም ይወዱታል፤ ቀዳዳው እየጠበበ ቢመጣ እንኳ ቶሎ አይዘጋባቸውም።

አንተ አብዛኛውን ጊዜ የምትሄደው ከተማ ውስጥ ነው። ሚል ላክስ የምትሄደው ከጓደኞችህ ጋር ነው፤ እነሱ ዘንድ ትልቅ ኦገር እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። በዓመት ለአንድ ሁለት ቀን ሲባል የ10 ኢንች ማሽን ዓመቱን ሙሉ መሸከም አያስፈልግም።

ስለ ባልደረባህ ማሽን ልመለስ። ዋጋው መጥፎ አይደለም። ማሽኑም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ግን ባለ 10 ኢንች የቤንዚን ኦገር ወደ 30 ፓውንድ፣ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሦስተኛ ፎቅ ታወርደዋለህ፣ ስኖው ላይ ትጎትተዋለህ፣ ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ትሸከመዋለህ። የበረዶ ዓሣ ደግሞ አንድ ቦታ ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው አይደለም። እዚህ ካልበላ ሃያ እርምጃ ሄደህ ሌላ ቀዳዳ ማውጣት አለብህ። ኦገሩ ከባድ ሲሆን ሰው ይሰንፋል፣ ካልበላበት ቀዳዳ ላይ ይቀራል። ብዙ ዓሣ የሚይዘው ብዙ ቀዳዳ የሚሞክረው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ማደሪያው ነው። ቤንዚን ያለበት ማሽን አፓርታማ ውስጥ አይቀመጥም። ታንኩን ብታራግፈው እንኳ ሽታው አይለቅም፤ ትነቱም በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የኪራይ ውልህን ብታየው የሚከለክል አንቀጽ ሳይኖረው አይቀርም። መኪና ውስጥ ላሳድረው ብትልም ጠዋት ከልጅህ ጋር የምትገቡት እዚያው መኪና ውስጥ ነው።

ደግሞ የካርቡራተር ጣጣ አለ። ወርክሾፔ የሚገቡት የቤንዚን ኦገሮች በአብዛኛው ሞተራቸው ደህና ነው። ያበላሻቸው የቆየ ነዳጅ ነው። እዚህ አገር የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን ኢታኖል አለበት። ኢታኖል እርጥበት ይስባል። ኦገር ደግሞ ጥቂት ወር ይሠራና የቀረውን ዓመት ይተኛል። ነዳጁ እየቆየ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሆንና የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የላስቲክ ቱቦዎቹም ይደርቃሉ። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ገመዱን ብትጎትት፣ ብትጎትት፣ አይነሳም። ሚኒሶታ ውስጥ ለትናንሽ ሞተሮችና ለአሮጌ መኪኖች ተብሎ ኢታኖል የሌለው ቤንዚን በብዙ ማደያ ይሸጣል። የቤንዚን ኦገር ያለው ሰው ሌላ ነዳጅ ባይነካ ጥሩ ነው። ወቅቱ ሲያልቅም ታንኩን አራግፎ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ አስነስቶ ማጥፋት አለበት።

ባለ ሁለት ስትሮክ ከሆነ ዘይት መቀላቀልም ይመጣል። ብዙዎቹ 40 ለ 1 ወይም 50 ለ 1 ይላሉ። ለአንድ ጋሎን ቤንዚን በመጀመሪያው 3.2 አውንስ፣ በሁለተኛው 2.6 አውንስ ገደማ ዘይት ነው። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ይበላል። ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማሽኑ ያስነጥሳል። ባለ አራት ስትሮኩ ዘይቱ ለብቻው ስለሆነ ከዚህ ድካም ያድናል፤ ድምፁም ለስለስ ይላል።

ይህን ሁሉ ስል ቤንዚን አበቃለት ማለቴ አይደለም። ወደ ካናዳ ድንበር፣ ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ ድረስ ሄዶ ለቀናት የሚቆይ ሰው አለ። እዚያ መጋቢት አካባቢ በረዶው ከ30 ኢንች ሊያልፍ ይችላል። ቻርጅ ማድረጊያ የለም፣ ብርዱ ባትሪ ያደክማል፣ ቀኑን ሙሉ ቀዳዳ ይወጣል። ለዚያ ሰው ከቤንዚን የሚስተካከል የለም። አንተ ግን ያ ሰው አይደለህም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ጠንከር አድርጌ ልናገር። የቤንዚንም ሆነ የፕሮፔን ኦገር ድንኳን ውስጥ ወይም የዓሣ ቤት ውስጥ በፍጹም አይነሳም። ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ሰምተህ ታውቃለህ። የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። በሩን ከፍቻለሁ ብለህ አትጽናና። ቀዳዳህን ውጭ አውጣ፣ ከዚያ ድንኳኑን ላዩ ላይ ትከል። ኤሌክትሪክ ኦገር ብትይዝም ድንኳን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ መጠቀምህ አይቀርም፤ ስለዚህ አየር መግቢያ ክፍት ተው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ውስጡ አንጠልጥል። ሃያ ሠላሳ ዶላር ነው። ከኦገሩ በፊት እሱን ግዛ።

የፕሮፔን ኦገር ለአንተ ብዙ አያወያይም። ጂፊ የሚሠራው ይታወቃል። ባለ አንድ ፓውንዷን ትንሽ ጣሳ ነው የሚጠቀመው፤ መቀላቀል የለም፣ ካርቡራተር በአሮጌ ነዳጅ አይደፈንም። ግን ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ በጣም ሲበርድ ጣሳው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ሞተሩ ይደክማል። ማታ የት ይደር የሚለው ጥያቄም እንዳለ ነው።

የቀረው ባትሪ ነው። ለአንተ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። እዚህም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ሞተሩም ባትሪውም ለኦገር ተብሎ የተሠራ ሙሉ ማሽን ነው፤ ስትራይክማስተርና አዮን ባለ 40 ቮልት አላቸው። ሌላው ራስህ ባለህ ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ፑንታው ብቻ ነው፤ ኬ-ድሪል፣ የኤስኪሞው ፒስቶል ቢት፣ የስትራይክማስተሩ ላይት ፍላይት ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይህ። የባትሪ ጉልበት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ሰዓት ነው። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 5 አምፒር ሰዓት የትራፓኖ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ይይዛል። 40 ቮልት ተብሎ የሚሸጠው ሥራ ላይ ሲሆን 36 ነው፤ በ5 አምፒር ሰዓት 180 ዋት ሰዓት ይሆናል። እጥፉ ማለት ነው። በነገራችን ላይ 20 ቮልት ማክስ የሚል ትራፓኖ ብታይ ከ18 ቮልቱ ይበልጣል ብለህ አትክፈል። ሙሉ ቻርጅ ላይ ሲለካ 20፣ ሥራ ላይ 18 ነው። ስሙ ነው የተለየው።

አሁን ቅድም ያሳየሁህን ሊትር አስታውስ። ግማሽ ጉልበት ባለው ባትሪ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ በረዶ ብቻ ብትፈጭ ነገሩ ይመጣጠናል። ትራፓኖ ከሆነ 6 ኢንች፣ ሙሉ ማሽን ከሆነ 8 ኢንች ያልኩህ ከዚህ ተነስቼ ነው። ባለ 8 ኢንች ፑንታ በትራፓኖ የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፣ ይሠራል። ግን ትራፓኖው ይግላል፣ የእጅ አንጓም ይጎዳል። ትራፓኖው ደግሞ የእንጀራህ ዕቃ ነው። ቅዳሜ በረዶ ላይ አቃጥለኸው ሰኞ ሥራ ባዶ እጅህን መግባት የለብህም።

ትራፓኖህ ይበቃ እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ? መጀመሪያ ብረሽለስ መሆን አለበት፤ ካርቦን ያለው አሮጌው ዓይነት ሞተር ለዚህ ሥራ ቶሎ ይቃጠላል። ቻኩ፣ ማለትም ፑንታውን የሚነክሰው አፉ፣ ግማሽ ኢንች የሚይዝ ይሁን። ቶርኩ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ጉልበቱ፣ 700 ኢንች ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በኒውተን ሜትር 80 ገደማ ነው። ከጎን የሚገባ ረጅም እጀታ የግድ ነው። ሚልዋኪ፣ ዲዋልትና ማኪታ ይህን የሚያሟሉ አሏቸው፣ ሁሉም ሞዴላቸው ግን አይደለም። ኢምፓክት ድራይቨር በጭራሽ አይሆንም፤ እየመታ የሚያዞር ስለሆነ ለቡሎን እንጂ ለበረዶ አልተሠራም። ባትሪህ ባለ 2 አምፒር ሰዓት ትንሿ ከሆነች ባለ 5 ወይም ባለ 8 ጨምር። ለሥራህም ይጠቅምሃል።

ብርድ ባትሪ ይበላል። ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር የሚሰጥህ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪውን ትራፓኖው ላይ ሰክተህ ስኖው ላይ አታሳድረው። አንዱን ስትሠራበት ሌላውን ጃኬትህ ውስጥ፣ ደረትህ ላይ ያዘው። ምሳ የምትይዝበት ትንሽ ኩለር ውስጥ ሙቅ ውኃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ብታስቀምጠውም ይሆናል። ቤት ስትገባ ደግሞ ወዲያው ቻርጅ ላይ አታድርገው። ሊቲየም ባትሪ ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል፣ የተጎዳውም አይመለስም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቅ።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ፣ ወደ ምላጩ። ሰዎች ለሞተሩ ይጨነቃሉ፤ በረዶውን የሚቆርጠው ግን ምላጩ ነው። ስለታም ምላጭ ያለው ደካማ ማሽን ደነዝ ምላጭ ያለውን ጉልበተኛ ማሽን ይቀድመዋል። «ኦገሬ ደከመ» ተብሎ የሚመጣልኝ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አዲስ ምላጭ ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ምላጭ አለ። አንዱ ለስላሳና ስለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በረዶውን እየላጨ ይሄዳል። ንጹሕ በረዶ ላይ ቅቤ የሚቆርጥ ይመስላል። ግን ቆሻሻ አይችልም። ቀድሞ ተቆፍሮ እንደገና በከፊል የቀዘቀዘ ቀዳዳ ላይ ስታስገባውም ይነክስና ይዘላል፤ ምላጩ ይታጠፋል፣ ክንድህንም ይጠመዝዛል። ሌላው ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፤ በረዶውን እየፈረፈረ ይወርዳል። ትንሽ ይዘገያል፣ ነገር ግን አሮጌ ቀዳዳ መልሶ ይከፍታል፣ አሸዋ ቢያገኘውም ቶሎ አይሞትም። በረዶ ላይ ቤት ያለው ሰው ሁልጊዜ ያንኑ ቀዳዳ ስለሚከፍት ጥርሳሙ ይሻለዋል። አንተ ሁልጊዜ አዲስ ቀዳዳ ስለምታወጣ የሚላጨውን ያዝ። ጉልበቱ ውስን ለሆነ ትራፓኖም የሚመቸው እሱ ነው።

የምላጭ ጠላቱ አሸዋ ነው። መኪኖች ከመንገድ የያዙትን አሸዋና ጨው በረዶው ላይ ያራግፋሉ። ስለዚህ መኪና ከሚገባበት መውረጃ ራቅ ብለህ ሰርስር፤ በተለይ መሬት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን በረዶ እለፈው። ዳር ላይ ውኃው ጥልቀት ከሌለው ደግሞ ፑንታው በረዶውን አልፎ የሐይቁን ወለል ሊነካ ይችላል። አንድ ጊዜ አሸዋ ከነካ የዚያን ቀን ሥራ አበቃ። ራስህ በሞረድ ልትስለው አትሞክር። ዋናው ነገር ስለቱ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ማዕዘን ነው፤ ትንሽ ከተዛባ በረዶው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። ምላጭ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። ኦገሩን ስትገዛ ለዚያው ሞዴል አንድ ጥንድ መለዋወጫ አብረህ ያዝ። ከመኪና ስታወጣም ሆነ ስትሸከም መከለያው አይለየው። ለምላጩም ለጣትህም ነው።

አንዳንዴ ስለታም ምላጭ ሆኖ ሳለ አልነክስም ይላል። ይህ የሚሆነው ኦገሩ ሞቅ ካለ መኪና ወጥቶ የረጠበው ምላጭ ላይ በረዶ ሲጋገርበት ነው። በብረት አትምታው። ቀድሞ የተከፈተ ቀዳዳ ካለ ውኃው ውስጥ ትንሽ አቆየው። የሐይቁ ውኃ ከአየሩ ስለሚሞቅ የተጋገረውን ያሟሟዋል።

ልጅህ መሰርሰር መፈለጉ ደስ ብሎኛል። ይሰርስር። ግን ሥርዓቱን ተማሩት። የትራፓኖው ማርሽ ቁጥር 1 ላይ፣ ማለትም በዝግታ የሚዞረውና ጉልበት ያለው ላይ ይሁን። የመምቻው መቼት ይጥፋ። የጎን እጀታው በሌላኛው እጅ ጠበቅ ብሎ ይያዝ፣ እግር ከፈት ብሎ ይቁም። ወደ ታች መጫን አያስፈልግም፤ ምላጩ ራሱ ይወርዳል። የሚያሰጋው መጨረሻው ነው። በረዶው ሊበሳ ሲል ምላጩ የቀረውን ስስ ጠርዝ ነክሶ ድንገት ሊቆም ይችላል። ያኔ ፑንታው ሲቆም የሚዞረው ትራፓኖው ነው። እጀታ ካልተያዘ የእጅ አንጓ ይወለቃል። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ እጀታውን ጠበቅ አድርጎ እንደያዘ ጫናውን ቀለል እንዲያደርግ አስተምረው። ልቅ ልብስና የተንጠለጠለ ስካርፍ ይወገድ። መጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ቆመህ አንተም እጀታውን ያዝለት።

ፑንታው ቻኩን ለቅቆ ሐይቁ ውስጥ መግባቱም የተለመደ ነው። በተለይ ፍርፋሪውን ለማጽዳት ወደ ኋላ ሲዞር ቻኩ ይላላል። አንዳንዱ ፑንታ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ካልሆነ ከቻኩ ሥር የሚገጠም፣ ከቀዳዳው የሚሰፋ ክብ ማገጃ አለ። እሱ ሳይገጠም በረዶ ላይ አትውጣ። ትራፓኖውን ራሱን ደግሞ ከውኃ ጠብቀው፤ ፍርፋሪውን ስታወጣ ወደ ላይ የሚረጨው ውኃ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል።

ኦገር በእጅህ መኖሩ ደፋር እንዳያደርግህ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ይላል። በረዶው ነጭ ከሆነ ያን እጥፍ አድርገው፤ ነጭ በረዶ በስኖው የተቀላቀለ ስለሆነ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። ወቅቱ ሲጀምር ከፊትህ በረዶውን እየመታህ የምትሄድበት ረጅም የብረት መሮ ያዝ። የእኛን ዲጂኖ ይመስላል። አንድ ሁለት ጊዜ መትተኸው ከበሳው ወደ መጣህበት ተመለስ። ከዚያ እየሄድክ በየ150 ጫማው፣ ማለት በየ45 ሜትሩ፣ በኦገሩ ቀዳዳ አውጥተህ ውፍረቱን ለካ። ድልድይ ሥር፣ ወንዝ በሚገባበትና ሁለት ሐይቅ በሚያገናኝ ቦይ ላይ በረዶ ይሳሳል። አንድ ቦታ 10 ኢንች ስለሆነ ትንሽ አለፍ ብሎም 10 ነው ማለት አይደለም። አንገታችሁ ላይ የሚንጠለጠሉትን ሁለት ሹል እጀታዎች ለአንተም ለልጅህም ግዛ፤ ሰው ከገባ ጠርዙን ቧጥጦ የሚወጣው በእነሱ ነው።

ስለ ገንዘቡ፦ የትራፓኖ ፑንታ እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 250 ዶላር ገደማ ያወጣል። ባለ 40 ቮልት ሙሉ ማሽን ከ400 ይጀምርና ወደ 700 ይሄዳል። መጋቢት ላይ ሱቆቹ የተረፈውን በቅናሽ ስለሚያወጡ መታገስ ከቻልክ ያኔ ግዛ። እስከዚያ ባለ 6 ኢንች የእጅ ኦገር በጣም በርካሽ ታገኛለህ። በረዶው 8 ኢንች ሳይሞላ ከሞተር ብዙ አይዘገይም፣ ልጅህንም ያሞቀዋል። ለአንተ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ልጅህ 16 ስላልሞላው አያስፈልገውም።

እንግዲህ አሁን የሚቀረው የትራፓኖህ ጉዳይ ነው። መያዣው አካባቢ ወይም ባትሪው የሚገባበት ጋ የተለጠፈውን ተመልከትና የሞዴል ቁጥሩን ጻፍልኝ። ባትሪው ላይ ስንት አምፒር ሰዓት እንደሚልም ጨምር። የጎን እጀታ የሚገባበት ቀዳዳ አንገቱ ላይ ካለም አብረህ ንገረኝ። ያን ካየሁ ለ6 ኢንች ይችላል ወይም አይችልም ብዬ ቁርጡን እነግርሃለሁ።